የአያ ይርጋ ጥቁር ገብስ

ዳባት በነበረው የማኅበር ወፍጮ ቤት ሥራ የጀመርሁ ዕለት ሞተር የሚያስነሱኝ መስሎኝ እጅጌዬን ሰብስቤ ነበር የገባሁት። ኃላፊዬ ጋሽ ታከለ ግን መጥረጊያ ሰጡኝ።

«ቋቱ ዙሪያ የፈሰሰውን ዱቄት ሰብስብ» አሉኝ።

ሰበሰብሁና ወዴት እንደምወስደው ጠየቅሁ።

«ያንተ ነው?» አሉ።

«አይደለም።»

«የኔስ?»

«የእርስዎም አይደለም» አልሁ። «እንግዲያው የባለ እህሏ ነው፤ ጆንያዋ ውስጥ መልስላት» ብለው ወደ ሞተሩ ዞሩ። በዚያ በደርግ ዘመን የወፍጮ ሠራተኛ ቤት ዶሮዎች ሁሉ ከሌላው ሰው ዶሮ ይወፍሩ ነበር። የኔና የጋሽ ታከለ ዶሮዎች ግን ከሲታ ሆነው ኖሩ፤ ሚስቶቻችንም ይህን ሳያነሱብን የቀሩበት በዓል የለም።

ሞተሩን ማስነሳት፣ ቺንጋውን መወጠር፣ ናፍጣ ሳይንጠባጠብ መቅዳት፣ እነዚህን ቶሎ ለመድሁ። የከበደኝ ድንጋዩን መውቀር ነበር። ድንጋይ ሲደነዝ ዱቄቱ ይሞቃል፣ ይሻክራል። ያን ጊዜ የላይኛውን ድንጋይ አንሥተን በብረት መውቀሪያ ፊቱን እንጠርበዋለን። ከተወቀረ በኋላ ደግሞ የሰው እህል ወዲያው አይገባበትም፤ አሸዋው እስኪወጣ ገለባና እንክርዳድ እናስፈጨዋለን። ይህን የሚዘል ሠራተኛ የሰው ጥርስ ሰባሪ ነው።

መውቀሪያችንን የሚሠራልን አያ ይርጋ የሚባል ቀጥቃጭ ነበር። ቤተ እስራኤል ነው፤ ከዳባት በታች ባለ መንደር ከእኅቱ ጋር ይኖራል። ቀጥቃጭ ነው ብለው መንገድ ላይ የሚሸሹት ሰዎች ማረሻቸው ሲዶለዱም ግን ከደጁ አይጠፉም። እሱም ማንንም አይመልስም። ሠርቶ ያመጣውን መውቀሪያ እዚያው ድንጋይ ላይ ሞክረን ካላየን ንቅንቅ አይልም።

አንድ የጥር ገበያ ቀን አያ ይርጋ አህያ እየነዳ መጣ። የጫነው ብረት ሳይሆን አፉ በጠፍር የታሰረ አንድ ጆንያ ጥቁር ገብስ ነው። ቋጠሮው እንደ ሥራው ጥብቅ ያለ፣ ሌላ ሰው የማይቋጥረው ዓይነት ነበር።

«ይሄን አደራ» አለኝ። «ለወፍጮ አይደለም፤ ዘር ነው። የእኅቴ የጥሩነሽ ነው።»

«ለምን እሷው ዘንድ አይቀመጥም?»

«ጥሩነሽ ደጇ ላይ የቆመ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም። ዘሩንም ሰጥታ ታድራለች። ሰኔ ሲደርስ ትመጣለች፤ ያን ጊዜ ስጣት። አደራ ነው ያልሁህ።»

«ሰምቻለሁ አያ ይርጋ» አልሁት።

ብዙም ሳይቆይ የአያ ይርጋ ቤት ተዘግቶ ተገኘ። ከወገኖቹ ጋር በቆላው በኩል ወደ ሱዳን ሄዷል ተባለ፤ የተባለውም በሹክሹክታ ነው። እግሯ ስለማያራምዳት ጥሩነሽ ቀርታ ዘመዶቿ ዘንድ ተጠግታለች አሉ። የት እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

ሰኔ መጣ፤ ዝናቡ ግን አልመጣም። የድርቁ ዓመት ነው። ጥሩነሽም አልመጣች። ወፍጮ ቤቱ ዝም አለ፤ የሚፈጭ ሲጠፋ ሞተር ምን ያደርጋል። ባለቤቴ ብርቄ አንድ ቀን፣ «ከዚያ ገብስ አንድ ቁና ብንበደርስ?» አለችኝ። «ማንን አስፈቅደን?» አልኋት። ድጋሚ አላነሣችውም፤ እኔም ዐይኗን ማየት ከብዶኝ ወጣሁ።

ጆንያውን አይጥ እንዳይደርስበት ከጣሪያው ወራጅ ላይ ሰቀልሁት። ቋጠሮውን አልነካሁም። በኛ ዘንድ አደራ የተቀበለ ሰው የባለቤቱን ቋጠሮ አይፈታም፤ ከፈታ አደራ በላ ነው። ሌባ ቢሉኝ እጣላለሁ፤ አደራ በላ ቢሉኝ ግን አገር ለቅቄ እሄድ ነበር። ስለዚህ በየጠዋቱ ቀና ብዬ ቋጠሮውን አያለሁ፣ እንዳለ ነው፣ ደስ ብሎኝ ሥራዬን እቀጥላለሁ።

በተከታዩ ዓመት ግንቦት ላይ ደመናው ከሰሜን ተራራ ላይ ይወርድ ጀመር። ወለሉን ስጠርግ ከተሰቀለው ጆንያ ሥር ደቃቅ ዱቄት አገኘሁ። ዱቄት ለይቶ ማወቅ እንጀራዬ ነው፤ ይህን የፈጨው ወፍጮ አልነበረም። ጆንያውን ዳበስሁት። ነቀዝ ገብቶበታል።

በዚያው ሰሞን የማኅበሩ ሊቀ መንበር መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ከላይ የታዘዘውን ከታች የሚያወርድ ሰው ነው።

«ይሄ የተሰቀለው የማን ነው?» አለ።

«የአደራ ነው፣ ጓድ» አሉ ጋሽ ታከለ። «የይርጋ እኅት ዘር ነው።»

«ይርጋ የኮበለለ ሰው ነው። እኅቱስ የት ናት?»

«አናውቅም» አሉ ጋሽ ታከለ።

«ባለቤት የሌለው ንብረት የማኅበሩ ነው። ከሚመጣው ስብሰባ በፊት ለሚሊሻው ስንቅ ይፈጭ» ብሎ ሄደ።

ጋሽ ታከለም፣ «መምሬ አድማሱን ጠይቃቸው» አሉኝ። መምሬ የአጥቢያችን ቄስ ናቸው። እንደ ማንኛችንም የማኅበር መሬት ያርሳሉ። ማሳቸው ላይ በሬ ሲጠምዱ ደረስሁና ነገሩን ሁሉ ነገርኋቸው።

«ብፈታው አደራ በላ እሆናለሁ፤ ባልፈታው ነቀዝ ይጨርሰዋል፤ ዝም ብል ሚሊሻው ይበላዋል። ምን ይሻለኛል አባ?»

ቀንበሩን አስተካክለው ቀና አሉ። «ለመሆኑ አደራ የተባልኸው ቋጠሮውን ነው ገብሱን?»

«ገብሱን ነዋ።»

«ገብሱንስ ምን ብሎ ነው የሰጠህ?»

«ዘር ነው ብሎ።»

«እንግዲያው ቦታው ወራጅ ላይ ሳይሆን አፈር ውስጥ ነው። ልጄ፣ እኛ መጋቢዎች ነን። ባለቤቱ እስኪመጣ የመጋቢ ሥራው መጠበቅ ብቻ መሰለህ? በል አምጣው። እኔ እዘራዋለሁ፤ የአራሽ ድርሻዬን እወስዳለሁ፣ ቀሪው የሷ ነው።»

ስመለስ ጆንያውን አወረድሁና ቋጠሮውን ያዝሁ። በጣት የሚላላ አልነበረም። በመጨረሻ በጥርሴ ፈታሁት። ጠፍሩን ጠቅልዬ ኪሴ ከተትሁ። ከብርቄ ጋር ገብሱን አበጥረን ነቀዝ የበላውን ለየን። የተረፈው ሲታይ ትንሽ ነበር፤ ግን ጤነኛ ነው። መምሬ ዘሩት፤ ዝናቡም በላዩ ላይ ጣለ።

ሊቀ መንበሩ ሲመለስ ቀና ብሎ ወራጁን አየ። «ጆንያው የት ሄደ?»

«ተዘርቷል ጓድ» አሉ ጋሽ ታከለ ረጋ ብለው። «የሚለቅም ሰው ካዘዙ ማሳውን እናሳያለን።»

ሊቀ መንበሩ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አየ። ፈገግታውን ለመደበቅ ይመስለኛል ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ሲታጨድ እንነጋገራለን» ብሎ ወጣ። ሳይታጨድ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ። የተካው ሰው ስለ ጆንያው የሰማው ነገር አልነበረም። ተገላገልን።

ገብሱ ጠቁሮ አማረ። መምሬ ድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ ቀሪው ሁለት ጆንያ ሞልቶ ወፍጮ ቤት ገባ።

ጥር ላይ አንዲት ሴት በምርኩዝ እያነከሰች፣ የጎረቤት አህያ አስከትላ መጣች። ስሟን ሳትነግረኝ ዐወቅኋት፤ አፍንጫዋ የአያ ይርጋ ነው።

«ወንድሜ ያስቀመጠው ነገር ነበር» አለች። «ያኔ ዝናብ ጠፋ፤ አምና ደግሞ እግሬ አስተኛኝ። ከቀረ ግድ የለም፤ ልጠይቅ ብዬ ነው።»

ጆንያዎቹን አሳየኋት። ጎንበስ ብላ ቋጠሮውን ነካችው።

«ይሄ የይርጋ ቋጠሮ አይደለም።»

ሁሉንም ነገርኋት፤ ጠፍሩንም ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። ጆንያውን ፈትታ አንድ እፍኝ ዘገነች፤ አንዷን ፍሬ በጥርሷ ሰበረቻት።

«ገብሱ የኛው ነው» አለች። ቀጥላም፣ «ባትፈታው ኖሮ ዛሬ ምን ትሰጠኝ ነበር?»

«ነቀዝ።»

ሳቀች። እኔ ግን ቋቱ አጠገብ ቁጭ አልሁ። ያን ያህል ሸክም ይዤ እንደኖርሁ የገባኝ ሲወርድልኝ ነው። እንባዬ መጣ፤ ዱቄት ዐይኔ ገባ ብዬ አላመካኘሁም።

አንዱን ጆንያ አህያው ላይ ጫንንላት። ሌላውን በጠፍሩ፣ በወንድሟ አስተሳሰር አጥብቃ ቋጠረችና ወደኔ ገፋችው።

«ይሄ አንተው ዘንድ ይቆይ» አለች። «ሰኔ ላይ እግሬ ካላመጣኝ፣ አንተው ፍታና አስዘራልኝ።»

ጋሽ ታከለ ጡረታ ሲወጡ ኃላፊነቱ ለኔ ደረሰ። ለአዲስ ሠራተኛ መጀመሪያ የምሰጠው መጥረጊያ ነው። ቀጥዬ ከጥሩነሽ በኋላ ሌሎችም ዘራቸውን ያስቀመጡባቸውን የተሰቀሉ የአደራ ጆንያዎች አሳየዋለሁ። ክረምት ሳይገባ እየተፈቱ ይታያሉ፤ ነቀዙ ይወጣል፣ ጤነኛው ይዘራል።