የንግሥቴ ቅል

የአልጣሽ እጆች እስከ ክንዷ በአጓት ርሰዋል። ከጎረቤቷ ከንግሥቴ ምድጃ አጠገብ ቁጭ ብላ አይቡን በነጠላ ጨርቅ ታጠልላለች። አይቡ ግን አልያዝ አላት፤ እንደ አሸዋ እየተፈረፈረ በጣቶቿ መሃል ይሾልካል። ጥቂት ቀመሰችና ፊቷን አዞረች። መራራ ነው።

«እንዴት ነው?» አለች ንግሥቴ ከመደቡ ላይ። ጉልበቷን ታክማ ከፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ከተመለሰች ወዲህ መነሳት ይከብዳታል።

«ይሻላል» ብላ ዋሸች አልጣሽ።

«ምኑ ይሻላል! ሽታው እዚህ ድረስ ደርሶኛል። ላሚቱ ናት የተበላሸችብኝ።»

አልጣሽ አንገቷን ደፋች። ንግሥቴ ሆስፒታል በተኛችበት ጊዜ ላሟን ያለበችውም፣ ወተቱን የናጠችውም እሷ ነበረች። መናጫው ቅል የንግሥቴ እናት ቅል ነው፤ ውስጡ በወይራ ጭስ ጠቁሯል። ከግራዋ ቅጠልና ከሙቅ ውሃ በቀር ምንም ነክቶት አያውቅም። አልጣሽ ግን ጎረቤቷ ስትመለስ የጸዳ ዕቃ ላስረክባት ብላ፣ ለጀሪካን ማጠቢያ የገዛችውን በረኪና ጨምራ የቅሉ ሽታ እስኪጠፋ አሸችው። ያን ቀን በሥራዋ ደስ ብሏት ነበር። ከዚያ ወዲህ ወተቱ በወጉ ረግቶ አያውቅም።

ረፋዱ ላይ የእንስሳት ባለሙያዋ ፍሬ መጣች። የላሚቱን ጡት ዳሰሰች፤ ወተቱን አየች፤ ቅሉንም አሸተተች።

«ላሟ ጤነኛ ናት፣ እማማ። ወተት የሚያረጉት ለዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናቸው። ቅሉ ውስጥ ተለጥፈው ይኖራሉ። ደጎቹ ሲያልቁ ክፉዎቹ ቤቱን ይይዙታል። ሳሙና ወይም በረኪና ነክቶት ይሆን?»

ንግሥቴ ሳቀች። «በረኪና? በእናቴ ቅል? ከእኔና ከአልጣሽ በቀር እጁን ያስገባበት የለም። አልጣሽን ደግሞ እንደ ራሴ አምናታለሁ።»

አልጣሽ የተጨመቀውን ጨርቅ እንደገና ጨመቀችው።

«ከዚህ ቅል እርሾ የወሰደ ሰው ካለ፣ ከእሱ ትንሽ እርጎ አምጥታችሁ ብትጨምሩበት ይመለሳል» ብላ ፍሬ ሄደች።

ንግሥቴ ግን አልተዋጠላትም። «ልጅ ናት፤ ምን ታውቃለች! ነገ ማንኩሳ ትወርጂ የለ? ለከብት ነጋዴው ለአድማሴ ንገሪልኝ። ቅዳሜ መጥቶ ይውሰዳት።»

«ላሚቱን?»

«ታዲያ አንቺን ልሽጥ?»

አልጣሽ ልትስቅ ፈለገች፤ አልሆነላትም። የበረኪናው ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን «እሺ» ብላ ወጣች።

በማግስቱ ክዳን ያለው ጣሳ ይዛ ማንኩሳ ወረደች። አድማሴ ደጁ ላይ ተቀምጧል።

«እማማ አልጣሽ! ምን እግር ጣለዎት? የሚሸጥ ከብት አለ እንዴ?»

ቆም አለች። «የንግሥቴን ልጅ ሰብሊን ልጠይቅ ነው» አለችና አለፈችው።

ሰብሊ ስትዳር ከእናቷ ቅል እርሾ ወስዳ ነበር። ጣሳውን በወፍራም እርጎ ሞላችላት። «የእማዬ ቅል ምን ሆነ?» ብላ ስትጠይቅ አልጣሽ ጣሳውን መክደን ጀመረች። «መጀመሪያ ለእሷ ልንገራት፣ ልጄ» አለች።

ስትመለስ በአድማሴ ደጅ አለፈች። እጁን አንስቶ ሰላም አላት። እሷ ጣሳውን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋ ስለነበር አንገቷን ብቻ ዝቅ አድርጋ እጅ ነሳች። ዳገቱን ስትጀምር «በረኪና ነው፣ ንግሥቴ» እያለች ለራሷ ታነበንባለች። ስለ ላሚቱ ሽያጭ የተላከችውን መልእክት ግን ለአድማሴ አልነገረችውም።