ጠመኔ የማይነካባቸው ቀናት

አስናቀች ቢያዝን ከትክል ድንጋይ ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ መንደር እንግሊዝኛ ማስተማር የጀመረችው በ1948 ዓ.ም. መስከረም መጀመሪያ ነው። ጎንደር ውስጥ በሚሲዮን ቤት አድጋ፣ ሃያ ሦስት ዓመት ሲሞላት ሁለት ዓመት ያለ ደመወዝ ለማገልገል በፈቃዷ ተመዘገበች። ሚሲዮኑ ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔና ላምባ ሰጣት፤ መንደሩ ቤትና እህል።

ጠዋት ውሃ ትቀዳለች፤ ሰሌዳውን ትወለውላለች፤ ሦስት ሰዓት ሲሆን ደጅ ካለው ዋንዛ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለውን አሮጌ ማረሻ በድንጋይ ትመታለች። ሦስት ልጆች ይመጣሉ። ሦስቱም ቤት የሰጧት የአያ ጎሹ ልጆች ናቸው። የሌላው ሰው ልጆች ከብት ጥበቃና አረም ላይ ናቸው።

ያመጣት የሚሲዮኑ ተቆጣጣሪ አቶ ተክለ ጊዮርጊስ ሲሰናበታት፣ «ኅዳር ላይ እመጣለሁ። ሃያ ተማሪ ካላገኘሁ ሰሌዳውንም አንቺንም አዘዞ እወስዳለሁ» ብሏት ነበር። አዘዞ አምስት መምህራን አሉ። እዚህ ከእርሷ በፊት የመጣ የለም። መሄድ አልፈለገችም።

መስከረም 12 ቀን፣ የሚካኤል ዕለት፣ ልጆቹ ሁሉ ሥራ ፈተው ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ገበጣ ሲጫወቱ አየቻቸው። ሄዳ ማረሻዋን መታች። ሃያ ስድስት ልጆች መጡ። እስከ ቀትር ስትጽፍ፣ ስታጽፍ ዋለች፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በረዶ ወረደና የሻው የተባለውን ገበሬ ገብስ ከመሬት አነጠፈው።

በበዓል የሠራ ሰው ካለ በረዶ እህል ይመታል ብሎ መንደሩ ያምናል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የመንደሩ ሰዎች አስናቀችን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ጠሯት።

«ገብሴን ያጨደው የሷ ደወል ነው» አለ የሻው።

«ምን ሠራች? ስታወራ ዋለች» አሉ አያ ጎሹ። «አንተም በሚካኤል ስታወራ ነው የዋልኸው።»

«እኔ ጠመኔ አልያዝሁ!»

የቤተ ክርስቲያኑ መምህር መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ እጃቸውን አነሡ። «ልጄ፣ ጽፈሻል?»

«ጽፌያለሁ፣ የኔታ።»

«ጥፋትሽ እሱ ነው። መጻፍ ሥራ ነው፤ እኔም በበዓል ብራና አልነካም። በቃል ግን አስተምራለሁ። ቃል በዓል አይሽርም። ቢሽርማ ኖሮ የየሻው ምላስ እስካሁን አገሩን በበረዶ ባስጠፋው ነበር።»

ሰው ሳቀ፤ የሻውም ሳይወድ ሳቀ።

«ያለ ሰሌዳ እንዴት ይሆናል?» አለች አስናቀች።

«ነገ መጥተሽ እዪ።»

ሦስት ጠዋት ከመሪጌታ ጉባኤ ዳር ተቀመጠች። መምህሩ አንድ ቃል ይሰጣሉ፤ ትልልቆቹ ይቀበላሉ፤ እያንዳንዱ ትልቅ ለሁለት ትንንሾች ያቀብላል፤ ሳያጠራ የሚያልፍ የለም። ሚሲዮን ቤት ይህን ጩኸት ነው ብለው አስተምረዋት ነበር።

በማርያም ዕለት ሰሌዳውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችና ልጆቹን ዋንዛው ሥር ሰበሰበች። ድንጋይ አነሣች። «ዚስ ኢዝ ኤ ስቶን።» ልጆቹ ማንም ሳያዝዛቸው በመሪጌታ ዜማ ተቀበሏት። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሴቶች ቆመው ሰሙ።

«ምነው፣ ቅዳሴው አላለቀም እንዴ?» አለች አንዷ።

«ተይ እቴ፣ ሸጋ ነው» አለች ሌላዋ።

አቶ ተክለ ጊዮርጊስ በበቅሎ የደረሰው ኅዳር 21 ቀን፣ በጽዮን ማርያም ነው። ሠላሳ አንድ ልጆች አገኘ። ድንጋይ፣ ጅራፍ፣ የራሱን ባርኔጣ ሳይቀር እያሳየ ጠየቃቸው፤ መለሱለት። ማስታወሻ ደብተሩን ገለጠና እርሳስ አወጣ።

ከፊት የተቀመጠችው አበቡ የተባለች ልጅ ብድግ አለች። «ጋሼ፣ ዛሬ ጽዮን ናት።»

«ታዲያ?»

«የአያ የሻው ጤፍ ገና አልታጨደም።»

እርሳሱን ወደ ኪሱ መለሰ። ሪፖርቱን በማግስቱ ሊጽፍ አያ ጎሹ ቤት አደረ።

በማግስቱ አስናቀች ማረሻዋን መታች። ሦስት ልጆች መጡ።

አቶ ተክለ ጊዮርጊስ ሦስቱን አየ፤ ደብተሩን አየ። «ትናንት ሠላሳ አንድ ነበሩ።»

«ነበሩ።»

«የት ሄዱ?»

አስናቀች በሩን ከፈተችለት። ከማሳው ማዶ አጫጆች ጎንበስ ብለው ተሰልፈዋል፤ ልጆቹ ከኋላ ነዶ ይሰበስባሉ። አንዷ ታወጣለች፤ ሌሎቹ ይቀበላሉ። የድንጋዩ ዜማ ነበር። ከመካከላቸው አንድ ወፍራም የአዋቂ ድምፅ ከሁሉም ዘግይቶ «ስቶን» ይላል።

«ያ ማነው?»

«የሻው ነው» አለች። «ገብሱን በረዶ የመታበት።»

ተቆጣጣሪው በሩ ላይ ቆሞ ጥቂት ካዳመጠ በኋላ ጻፈ። ለአስናቀችም አሳያት፦ ተማሪ ሠላሳ አንድ፤ የትምህርት ቀን በዓላት ሁሉ፤ መምህርቷ ትቆይ። ከዚያም በቅሎውን ሊጭን ወጣ።

አስናቀች ሰሌዳውን ገልብጣ ለሦስቱ ልጆች ጠመኔ አነሣች። የሥራ ቀን ነበር።