በፍላወር ሁለት የተያዘ ወንበር

ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ከኒሙ ጥላ ሥር ሦስት ወንበሮች ነበሩ። በአንዱ ተማም፣ በሌላው ዑግባድ ይቀመጣሉ፤ ሦስተኛው የግሩም ነበር። ደጉ ግሩም የባቡር መካኒክነት ዘመኑን ፈጽሞ፣ ጡረታውንም ከእነርሱ ጋር ካርታ ሲጫወት አሳልፎ አምና ዐረፈ።

ሐዘኑ ሲወጣ ሚስቱ አሰገደች መጥታ በወንበሩ ተቀመጠች። ተማም ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

«አቦ፣ ሴትዮ፣ እዚህ ለቅሶ የለም፤ ወደ ቤትሽ።»

ባሏ ሳለ «እትዬ» ነበረች። «ሴትዮ» መባሏ አንጀቷን አሳረራት። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እየመጣች አጠገባቸው ትቆማለች፤ እሱም ልብን ከፍላወር አትለይም እያለ ይዘልፋታል፤ እሷም ካርታ በእጅጌው እንደሚደብቅ ባሏ እንደነገራት ለአላፊ አግዳሚው ታወራበታለች።

በመጨረሻ ውርርድ ገቡ። ከተሸነፈች ዳግመኛ በዚያ ላታልፍ፤ ካሸነፈች ወንበሩ የእሷ ሊሆን። ጨዋታውን እሷ መረጠች። በልጅነቷ ጀልዴሳ ላይ የውሃ ጉድጓድ ይቆፍሩ ለነበሩ ስዊድኖች ልብስ ስታጥብ የለመደችው ነው፤ ፌምኮርት ይሉታል፣ አምስት ካርታ ማለት ነው።

ለሁሉም አምስት አምስት አደለችና ሕጉን አስረዳች። መጀመሪያ የተጣለውን ዓይነት የያዘ ያንኑ ይጥላል፤ የሌለው ያሻውን ይጥላል፣ ግን አይበላም። ከዚያው ዓይነት ትልቁ ይበላል፤ የበላም ቀጣዩን ይጀምራል።

«አሸናፊው መጨረሻ የበላ ነው» አለች።

ይህን ስትል ተማም ለዑግባድ በሶማሊኛ እየቀለደባት ስለነበር ልብ አላለውም። እነርሱ በለመዱት ጨዋታ ብዙ የበላ ያሸንፋል። ስለዚህ በልብ አስ በላ፤ በልብ ንጉሥ በላ፤ በእስፔድ አስ ደገመ። ወንበሩን በእግሩ ወደ ራሱ ሳበው። አራተኛ የዳይመንድ ወታደር ቢጥል፣ አሰገደች በዳይመንድ ንጉሥ በላችበት። ቀጥላ የቀረቻትን ጣለች፤ ፍላወር ሁለት ነበረች። በተማም እጅ የዳይመንድ ንግሥት፣ በዑግባድ እጅ ልብ ቀርቷል፤ ፍላወር የያዘ የለም።

«ሦስት በልቻለሁ!» አለ ተማም።

«ብላ፣ ማን ከለከለህ። መጨረሻ የበላሁት ግን እኔ ነኝ።»

ዑግባድ አቀርቅሮ፣ እንደዚያ ብላለች፣ ሰምቻለሁ ብሎ መሰከረ።

ተማም እስከ ዛሬ አያናግራትም። ተራው ደርሶ ካርታ ሲያድል የእሷን ድርሻ አፈር ላይ ይበትንላታል። ጎንበስ ብላ ትለቅማለች፤ ወንበሩን ግን አትለቅም።