ድርቤ ለምን ትጮኻለች

እናቴን ድርቤን እሾህ ቢወጋት ጩኸቷ ሲሬ ገበያ ድረስ ይሰማል። ጎረቤቶቻችን «ዛሬ ደግሞ ምን ነካት?» እያሉ ይስቁባታል። ይሳቁ! እኔን የሚያስፈራኝ ዝም ስትል ነው።

በጃንሆይ ዘመን፣ አዲስ ሙሽራ ሳለች፣ አንድ ቀን እምብርቷ ዙሪያ ቁርጠት ጀመራት። ቁርጠቱ ወደ ቀኝ ጎኗ ወርዶ እዚያው ተተከለ። ምራት በባሏ አባት ፊት ድምፅ ማሰማቷ ነውር ነውና ነጠላዋን ነክሳ አደረች። ሲነጋ መቆም አቃታት፤ በቃሬዛ ተሸክመው ነቀምቴ ሐኪም ቤት አደረሷት። አባቴ ሩቅ አገር ነበር። ከቤተሰቡ አማርኛ የሚያውቁት የባሏ አባት፣ አያቴ ጆቴ ብቻ ስለነበሩ፣ አስተርጓሚ ሆነው አልጋዋ አጠገብ ቆሙ። ከሰው ሁሉ እሳቸው!

በሽተኛ የሚያየውና መርፌ የሚወጋው ድሬሰር፣ ዓምደሚካኤል፣ ከሸዋ አዲስ የመጣ ነው፤ ኦሮምኛ አይሰማም። ሆዷን ጫን እያደረገ «እዚህ ጋ ያማል?» ይላል። አያቴ ይተረጉማሉ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ራሷን በመነቅነቅ «አያመኝም» ትላለች።

አያቴም ኮራ ብለው «የእኛ ልጅ ጠንካራ ናት» ይላሉ። ጠንካራዋ ልጅ ግን በሆዷ «መሞቴ ነው» ትል ነበር።

ዓምደሚካኤል ቀኝ ጎኗን በቀስታ ተጭኖ እጁን ድንገት አነሳ። የእግሯ ጣቶች ተኮማተሩ።

«አባባ፣ ይቺ ልጅ ሕመሟን ደብቃናለች» አለ። «ትርፍ አንጀት ይመስለኛል፤ ከፈነዳ አናተርፋትም። ማስታገሻ ቀድመን ብንወጋት ሕመሙ ይሸፈንና ያሳስተናል። የት እንደሚያማት ራሷ ትንገረን።»

አያቴ ወጥተው እንዳይሄዱ ሌላ አስተርጓሚ የለም። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው፣ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ቆሙ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣» አሏት፣ «እኔ እዚህ የለሁም። ጩኺ።»

የዓምደሚካኤል እጅ ቀኝ ጎኗን ሲጫን ጮኸች። ድምፁ ከእሷ የወጣ አልመስል ብሏት ራሷም ደነገጠች። በዚያው ቀን አደንዝዘው ቀደዷት፤ እኔም ከዚያ በኋላ ተወለድኩ።

ከዓመታት በኋላ በዚያው ሐኪም ቤት የተኙት አያቴ ነበሩ። ሆዳቸው ውስጥ የበቀለው እጢ ከእንግዲህ የሚድን አልነበረም፤ የቀረላቸው ሕመሙን የሚያስታግሰው ሞርፊን ብቻ ነው። እሱም የሚሰጠው «አመመኝ» ላለ ነው። አያቴ ደግሞ ወንድ ናቸው፣ ሽማግሌ ናቸው፤ በምራትና በልጅ ልጅ ፊት አያቃስቱም። ድሬሰሩ በመጣ ቁጥር «ደህና ነኝ» ይሉታል፤ ግንባራቸውን ግን ላብ ያጠምቀዋል። እኔ ፈርቼ የእናቴን ቀሚስ ጨምድጄ ይዣለሁ።

እናቴ ዓይኗ ብርድ ልብሱ ጫፍ ላይ ነበር። የእግራቸው ጣቶች ተኮማትረዋል።

 ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች፣ እኔንም አዞረችኝ፤ ሁለታችንም ጀርባችንን ሰጥተናቸው ቆምን።

«አባ፣» አለች፣ «እኛ እዚህ የለንም።»

 ከዚያ አያቴ ጮኹ። እናቴም አብራቸው ጮኸች፤ ድሬሰሩ የሞርፊኑን መርፌ ይዞ እየሮጠ መጣ።