የሐምዲያ ሹሩባና የእኔ ራስ

ስለ ሐምዲያ ልጽፍ ካሰብኩ ቆየሁ። ጽሕፈት ላይ ደካማ ነኝ፤ ግን እኔ ካልጻፍኩት እሷ አጋንና ታወራዋለች።

ሐምዲያ የወሎ ልጅ ናት። እዚህ ስደት አገር ቡሪ በሚባል ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች፤ አርብ አርብ ደግሞ ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው ሰፈር፣ አብረን በምንኖርበት ግቢ፣ ሹሩባ ትሠራለች። እጇ ፈጣን ነው፤ አፏ ግን ይቀድመዋል።

የሴቶች ማኅበራችን አንዲት ባዶ ክፍል ነበረችው። "ምን ልትሠሩባት እንደምታስቡ በስዕል አሳዩን፤ ለአንዳችሁ እንሰጣለን" አሉ። ሐምዲያ ከሰው ቤት የምትወጣባት በር ያቺ ክፍል ሆና ታየቻት።

የአሠሪዋ ልጅ ላፕቶፕ አዋሰችን። መጀመሪያ ከኢንተርኔት ያወረድናቸውን የማናውቃቸውን ቆነጃጅት ደረደርን።

"ወላሂ ይሄ ውሸት ነው" አለች ሐምዲያ። "የእነዚህን ጸጉር መቼ ነካሁት? ያንቺን ራስ እናድርገው።"

"የእኔን?"

"ከኋላ ነው የማነሳሽ፤ ማን ያውቅሻል!"

ሳልበጠር አንድ፣ ከተሠራሁ በኋላ አንድ አነሳችኝ። ከሥር የእናቷን ነጠላ ጥለት ፎቶ አነጠፍን፤ ጥግ ላይ ሁለት ጥርስ የጎደለው ሚዶዋንም አንስተን አስቀመጥን። ከፎቶዎቹ ኋላ ጥላ ስንጨምር ደግሞ ያ የተንጨባረረ ራሴ ከስክሪኑ ወጥቶ ሊመጣብን ደረሰ።

"ጥላውን ቀንሺው፤ ያስፈራል" አልኳት።

"ይፍሩ! ያልፈራ ሰው ሹሩባ አያሠራም።"

ድርደራውን ለእኔ ተወችው። እኔ እዚሁ ነው ያደግኩት፤ ማንበብ የለመድኩት ከቀኝ በሚጀምረው በአረብኛ ነው። እጄ እንደለመደው ያልተበጠረውን በቀኝ፣ የተሠራውን በግራ አደረግሁ።

ቀኑ ደረሰና ስዕሉ ግድግዳ ላይ በራ። ሴቶቹ እንደ አማርኛ ከግራ ጀምረው አዩት። ሰብሳቢያችን እትዬ ጸሐይወርቅ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

"ሐምዲያ፣ ይቺ ልጅ ስትመጣ ደህና ነበረች እኮ። ምን አደረግሻት?"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ያቺ አፈኛ ሐምዲያ ዞራ እኔን አየችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ተነሳሁ። "ከቀኝ... ከቀኝ ነው የሚጀምረው" አልኩ። ከጎኔ ያለችው እንኳ አልሰማችኝም። ድምፅ አይወጣልኝ፣ ምን ላድርግ? ወንድ አልነበረም፣ አልሐምዱሊላህ። መሸፈኛ ጠርሐዬን ከራሴ ላይ ገፍፌ ጀርባዬን ሰጠኋቸው።

ሳቁ ቆመ። እትዬ ጸሐይወርቅ ቀረብ ብለው በጣታቸው አንዷን ጉንጉን እስከ ማጅራቴ ተከተሏት። ግድግዳውን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ያ ጎፈሬም ያንቺው ነው?"

"አዎ፣ እትዬ" አልኩ፣ ፊቴ እየነደደ።

"ያንን አሸንፋ ይሄን ካወጣችማ ክፍሏ የእሷ ናት።" ወንበር ስበው ሐምዲያ ፊት ተቀመጡና ሻሻቸውን ፈቱ። "በይ፣ እኔንም ሥሪኝ። ግን ከመንካትሽ በፊት ቁርጡን ንገሪኝ፤ ከቀኝ ነው ከግራ የምትጀምሪው?"