«ከጡት ጋር ነው የጠባችው»

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው ሰዎች ጥቂት ነን። አንዷ ልጄ ስንዱ ናት፤ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ሁለተኛዋ እናቷ ናት። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሚያውቃት ሁሉ አልማዝ ይላታል፤ ይህን ስም ያወጣሁላት ግን እኔ ነኝ፤ አባቷ ያወጡላት ጫልቱ ነበር። ሦስተኛው መምህር ገመቹ ነው፤ ከወለጋ መጥቶ ባዮሎጂ የሚያስተምር ሰው። አራተኛው ይበልጣል የሚባል የስንዱ የክፍል ጓደኛ ነው። የመጨረሻዋ የባለቤቴ ታናሽ እህት ለሊሴ ናት፤ እሷ ወደ ነገሩ የምትገባው ዘግይታ ነው። እኔ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነኝ።

ያደረግሁትን አዳራሽ ሙሉ ሰው አይቶታል። ከሥሩ ያለውን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴም አልተናገርሁም። ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ነግሬያቸዋለሁ፤ ይህን ግን በየትኛው አፌ ልንገራቸው? እሳቸው ራሳቸው ሥራዬን ሰምተው «እውነተኛ አባት እንዲህ ነው» ብለው ለሰው ምሳሌ አድርገውኛል። ሰው በተሰደበበት ነገር ንስሐ መግባት ይችላል፤ በተመሰገነበት ግን ይከብደዋል። ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ። የሚያነበው ሰው እንደ ወደደ ይፍረድ።

ፊደል የቆጠርሁት ቤተ ክርስቲያን ነው። ከዚያ ወዲያ አስተማሪ አልነበረኝም። እንግሊዝኛን ያወቅሁት ከመዝገበ ቃላትና ሽፋኑ ከተገነጠለ የሰዋስው መጽሐፍ ነው፤ ወፍጮው እየጮኸ፣ ዱቄቱ ገጹ ላይ እየተነጠፈ። በዚህ እኮራ ነበር። ያልለፋበትን ነገር የያዘ ሰው ሁሉ ሌባ ይመስለኝ ነበር። እህል ሊያስፈጩ ወረፋ የሚጠብቁትን ሴቶች ሳይቀር ስለ ድካም ዋጋ፣ ስለ ውሸት ክፋት እገሥጽ ነበር። እነሱም ወረፋቸው እንዳይተላለፍ ብለው ይሰሙኝ ነበር።

ጫልቱን ያገኘኋት በወጣትነቴ ወፍጮ ልንተክል ከአባይ ማዶ ሄደን ሳለ ነው። ይዣት ስመጣ አማርኛዋ ገና ነበር። ስንዱ ስትወለድ አንድ ሕግ አወጣሁ፦ በዚህ ቤት ኦሮምኛ አይነገርም። የልጅቱ አንደበት ይደባለቃል፣ ሰው ይስቅባታል አልሁ። ባለቤቴ አልተከራከረችኝም። ስንዱ ከእናቷ ቋንቋ አንድ ቃል ሳትሰማ አፍ ፈታች፣ አደገች፣ ትምህርት ቤት ገባች። ይህን ልብ በሉልኝ። የእኔ ጥፋት የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ማታ ማታ እንግሊዝኛ አስተምራት ነበር። አስነብባታለሁ፣ ስትሳሳት አስደግማታለሁ። ትታዘዘኝ ነበር።

ባጃጅ ወደ ከተማችን መግባት በጀመረበት ሰሞን፣ ስንዱ የምትማርበት ትምህርት ቤት የሁለት ቋንቋ ሽልማት የሚባል ነገር አመጣ። የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ሊሰናበቱ ሲሉ ይወዳደራሉ። አንዱ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ሌላው የፈለጉት ነው፤ ነገር ግን ተምረው ያወቁት እንጂ አፍ የፈቱበት መሆን የለበትም። ወረቀት ሳይዙ ይናገራሉ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተረጉማሉ። ሐሳቡ የመምህር ገመቹ ነበር። ከአባይ ማዶ ወደ ሆስፒታሉ የሚመጡ በሽተኞች ሕመማቸውን የሚያስረዳላቸው አጥተው ሲቸገሩ አይቷል። በኦሮምኛ የሚያሸንፍ ተማሪ ከተገኘ በአስተርጓሚነት ሥራ እንዲጀምር የሆስፒታሉን ሰዎች አነጋግሮ፣ እሺ አስብሏቸው ነበር። እኔ ይህንን ሁሉ የሰማሁት በጆሮዬ ጫፍ ነው። ልጄ በእንግሊዝኛ እንደምትወዳደር አልተጠራጠርሁም።

ውድድሩ ሲቃረብ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደና ወፍጮው ቆመ። ወደ ቤት ተመለስሁ። በሩ ጋ ሳልደርስ ከጓሮ ድምፅ ሰማሁ። ስንዱ ናት። በማላውቀው ቋንቋ አንድ ነገር ትጀምራለች፣ መሐል ላይ ትሰናከላለች፣ እንደገና ትጀምራለች። እናቷ ትስቃለች። ሚስቴ እንደዚያ መሳቅ እንደምትችል ረስቼው ነበር።

«እንዲህ ብለሽ ብትጠሪው በሬው እንኳ ዞሮ አያይሽም» አለቻት በአማርኛ።

«የጎጃም በሬ ከሆነስ?»

«የጎጃም በሬማ አባትሽ ነው። በይ እንደገና።»

እንደገና አለች። ደግሞ እንደገና። እኔ መጽሐፌን እየገለጥሁ በዱቄት ውስጥ የደከምሁት ድካም ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ያ ድካም ነበር። እኔ ወፍጮ ቤት ስውል እነሱ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ እንዲህ ሲማማሩ እንደኖሩ ከጨዋታቸው ተረዳሁ። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከቆምሁበት ሳልነቃነቅ፣ ከግድግዳው ጋር ተለጥፌ ሰምቻለሁ።

ቀጥሎ እናቷ እንግሊዝኛውን ለምን እንዳልመረጠች ጠየቀቻት፤ አባትሽ ቅር ይለዋል አለቻት።

«አባባ እንዳስተማሩኝ አድርጌ ሳነብ ክፍሉ ይስቃል፣ እማዬ። እሳቸው ቃሉን ሰው ሲናገረው ሰምተው አያውቁም እኮ። መጽሐፍ ላይ ነው ያዩት። እንዳይሰሙ።»

ክፋት አልነበረበትም። እንዲያውም አዝናልኝ ነበር የምትናገረው። ምናልባት እሱ ይሆን ያልተቻለኝ? ቢሰድቡኝ እቆጣ ነበር፤ ቁጣ ደግሞ ይበርዳል። የታዘነለት ሰው ግን ምን ያደርጋል? እኔ ድምፅ ሳላሰማ ወደ ወፍጮ ቤት ተመለስሁ። መብራቱ አልመጣም ነበር። ሰው የሌለበት ወፍጮ ቤት ውስጥ እስኪመሽ ተቀመጥሁ፤ ማታም ለማንም ምንም አልተናገርሁም።

የሽልማቱ ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እኔ ከአባቶች ጋር ከፊት፣ ባለቤቴ ከእናቶች ጋር ከኋላ ተቀምጠናል። ይበልጣል በእንግሊዝኛ ተናገረ፤ ጎበዝ ነበር። ከዚያ ስንዱ ወጣች። ምን እንዳለች አላውቅም። ብቻ መምህር ገመቹ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ በመሐረብ ዓይኑን ሲጠርግ አይቻለሁ። ከኋላዬ አንዱ «ይች የማን ልጅ ናት?» ሲል ሌላው «የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ» አለው። እሷ አንደኛ ወጣች፣ ይበልጣል ሁለተኛ።

እንደ አገራችን ወግ ሽልማት ሲሰጥ ወላጅ ይመርቃል። ርእሰ መምህሩ አባቷ መርቀው ይስጧት ብለው ጠሩኝና የምስክር ወረቀቱን እጄ ላይ አኖሩልኝ። ስንዱ ከፊቴ ቆማ አንገቷን ለምርቃት ደፋች። ሰው ሁሉ አሜን ሊል ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

እኔ አልመረቅሁም። እንዲህ አልሁ፦

«እኔ ውሸት አልወድም። የዚች ልጅ እናት የአባይ ማዶ ሰው ናት። ይህ ቋንቋ የተለፋበት አይደለም፤ ከጡት ጋር ነው የጠባችው። ሽልማት ለደከመ ነው። ለሚገባው ስጡት።»

ከዚያ አንድ ሽማግሌ «አበጀህ» አሉ፣ ጭብጨባም ተከተለ። መምህር ገመቹ ተነሣ። ልጅቱ ስትማር አውቃታለሁ፣ ስሕተቷ ራሱ የተማሪ ስሕተት ነበር አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በትሕትና ጠየቀኝ።

«አባቴ፣ እርስዎ ይመስክሩ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ትናገረው ነበር?»

ይህ ሰው በር ከፈተልኝ። አይደለም ብል፣ አባት ነው ተሳሳተ ተብሎ ያልፍ ነበር። እኔ ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በልጄ ፊት፣ እውነቱን በገዛ ጆሮዬ ሰምቼ ሳለ «አዎ» አልሁ። በዚህች አንዲት ቃል በልጄ ላይ በሐሰት መሰከርሁ።

ርእሰ መምህሩ ግራ ቢገባቸው ወደ ስንዱ ዞሩ። እውነት ነው ወይ አሏት። ቀና ብላ አየችኝ። ሳላውቅ የተሳሳትሁ መስሏት እንደሆነ ወይም ማወቄን ያወቀች እንደሆነ እስከ ዛሬ አልለየሁም። አባቷን በጉባኤ ፊት ውሸታም የምትል ልጅ አላሳደግሁም፤ በዚያ እተማመን ነበር። መተማመኔም ሌላ በደል ነው።

«አባባ ካሉ ነው» አለች።

ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ ወስዳ ለይበልጣል ሰጠችው። ሰው ከቅድሙ የበለጠ አጨበጨበ።

ወደ ቤት ስንሄድ ባለቤቴ ከኋላ ከኋላዬ ትመጣ ነበር። ሰፈራችን ልንደርስ ስንል ደረሰችብኝ። ከጋብቻችን ጀምሮ ተሟግታኝ የማታውቅ ሴት ናት። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ጡቴን በሰው ፊት ለምን አነሣኸው? እኔ እኮ ያጠባኋት ዝም ብዬ ነው።»

ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ። እርምጃዬን አፍጥኜ ቀደምኋት። እሷም ከዚያ በኋላ አላነሣችውም።

ታሪኩን ወፍጮ ቤት ውስጥ ሌሎች አወሩት፤ ቀስ በቀስ ራሴም አወራሁት። የልጁን ሽልማት ለእውነት ሲል የመለሰ ሰው ሆንሁ። ስሙኝ፣ ይህ ከመጀመሪያው ይብሳል። አንድ ጊዜ መዋሸት የቅናት ሥራ ነው ልበል፤ ለዓመታት በዚያ ውሸት ስለ እውነት ማስተማርስ ምን ይባላል? ስለ ውሸት ስገሥጽ ስንዱ ምሳዬን ይዛ ትመጣና በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። አንድ ቀን እንኳ ፊቷ አልተለወጠም።

የሆስፒታሉ ቦታ ሰው ሳይገባበት ቀረ። ይበልጣል ኦሮምኛ አይችልም። አንድ ጊዜ ጣቴን የወፍጮው ቀበቶ ይዞኝ እዚያ ሄጄ ነበር። ከማዶ የመጣች ሴት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ አንዴ ሆዷን አንዴ ጀርባዋን ታሳያለች፣ ነርሷ ትገምታለች። እኔ ጣቴን በፋሻ ጠቅልለውልኝ ወጣሁ።

ስንዱ ኑሮዋ አልከፋም። ትዳር ይዛለች፣ የጽሕፈት መሣሪያ የምትሸጥበት ትንሽ ሱቅ አላት። ታከብረኛለች። ኦሮምኛ ግን ከዚያ ዕለት በኋላ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ከእናቷም ጋር ጓሮ ተቀምጣ አላየኋትም። መብራት በሄደ ቁጥር በግድግዳው በኩል እየመጣሁ አዳምጥ ነበር። ምንም የለም።

ባለቤቴ አረፈች። መርዶው አባይን እስኪሻገር ቆየና ለሊሴ በሠልስቱ ደረሰች። ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ነጠላዋን ጥላ «ጫልቱ ኮ! ጫልቱ ኮ!» እያለች፣ ጫልቱዬ ማለቷ መሰለኝ፣ ገባች። ጎረቤቶቻችን ተያዩ። አንዷ «ጫልቱ ማን ናት? ሴትዮዋ ለቅሶ ቤት ተሳስታ ይሆን?» ስትል ሰማሁ። ሃያ ምናምን ዓመት አብረዋት የኖሩ ሰዎች ስሟን አያውቁትም ነበር።

ለሊሴ በራሷ ቋንቋ ታለቅስ ጀመር። ለቅሶ ተቀባይ ይፈልጋል። አልቃሿ የሟችን ነገር እያነሣች ስትጣራ ከቤተ ሰቡ አንዱ ሊመልስላት ይገባል፤ ካልመለሰላት በገደል ላይ እንደ መጮህ ነው። ለሊሴ እያነባች ስንዱን በስሟ ጠራቻት፣ ጠየቀቻት፣ ቆማ ጠበቀቻት። ከእኛ ወገን የሚመልስላት አንድ ሰው ብቻ ነበር። ስንዱ አቅፋ ያዘቻት፣ ትከሻዋ ላይ አለቀሰች። ቃል ግን አልወጣትም። ለሊሴ ብቻዋን አልቅሳ፣ ብቻዋን መልሳ ተቀመጠች።

በማግስቱ ስትሄድ ሁለት እጄን ያዘችኝና ዓይን ዓይኔን እያየች ረዘም አድርጋ ተናገረችኝ። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ስትጨርስ ጥቂት ጠበቀችና ሄደች። ስንዱ አጠገባችን ነበረች።

«ምን አለችኝ?» አልኋት።

ልጄ በሕይወቷ አንድ ጊዜ የገዛ ቃሌን መለሰችልኝ። «ከጡት ጋር የጠባሁት አይደል አባባ? እማዬ ስትሄድ አብሮ ሄደ።»

ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅር ማለት የሚችሉት አንዷ በአፈር ውስጥ ናት፣ አንዷ በአባይ ማዶ ናት፣ አንዷ ደግሞ ዝም ብላለች። የሆነውን ብቻ ልደምረው። መምህር ገመቹ በዓመቱ ዝውውር ጠይቆ ሄደ፤ ሽልማቱም ከእሱ ጋር ቀረ። ይበልጣል ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ ወፍጮ ቤት መጥቶ ያን ወረቀት ግድግዳው ላይ ሰቅሎት እንደማያውቅ ነገረኝ። ያች ሆዷንና ጀርባዋን የምታሳይ ሴት ሕመሟን ሳትናገር ቀረች። ባለቤቴ ሳቋንና ልጇን የምታስተምርበትን ጓሮ አጣች፤ መጨረሻ ላይ በለቅሶዋ የሚቀበል አጣች። ስንዱ አንድ ሥራ አጣች፤ ለፍታ ያገኘችውን ቋንቋ አጣች፤ ለእናቷ ማልቀሻ ቃል አጣች። እኔ አዳራሽ ሙሉ ጭብጨባ አገኘሁ። ለሊሴ የነገረችኝ ምርቃት ይሁን እርግማን ሳላውቀው ይኸው እስከ ዛሬ ይዤው አለሁ።