የቀበጧ ርክክብ

ሲስተር ከቆረጠች ቆረጠች ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሆስፒታል ስትሠራ ሐኪሞቹ ሳይቀሩ ይህን ያውቁ ነበር፤ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ አውቆታል። ስለዚህ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት መኪናዋን ግቢ አስገብታ፣ ሞተሩን አጥፍታ «በቃ፤ እሸጣታለሁ» ስትል ታናሽ ወንድሟ ደነገጠ እንጂ ቀልድ ነው ብሎ አላሰበም።

መኪናዋ ሁለት በር ያላት፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ዕድሜዋ የሲስተርን ትዳር የሚያስከነዳ ቀይ የድሮ የስፖርት መኪና ናት። ሰፈሩ «ቀበጧ» ይላታል። ሲስተር ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ስትገዛት ዶሮ የሚያድርባት ቆርቆሮ ነበረች። ዘመድ አዝማዱ «ነርስ በእንዲህ ያለ መኪና ምን ልትሆን ነው?» እያለ ሲያሽሟጥጥ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ፣ ከአዳር በወጣች ቁጥር ብሎን እየፈታች እያጠበቀች ነፍስ ዘራችባት። ከዚያ ወዲያ ሌሊቱን የሰው ስቃይ ስታይ ያደረችው ሴት ጠዋት ጣሪያውን አጥፋ፣ ሆን ብላ ረጅሙን መንገድ ይዛ ወደ ቤቷ ትነዳለች። ማልቀስ ካለባትም የምታለቅሰው እዚያው መሪው ላይ ነበር። ቤቷ እስክትደርስ ነፋሱ ፊቷን ያደርቅላታል።

ያን ማክሰኞ ታዲያ መስቀለኛው መንገድ ላይ እግረኞች እስኪያልፉ ማርሽ አስገብታ፣ ፍሪሲዮኑን ረግጣ ስትጠብቅ ግራ ጉልበቷ ከዳት። እግሯ ሲለቅ ቀበጧ ዘለለች፤ ሞተሩ የጠፋው ዘንቢል የያዘች አንዲት ሴት ቀሚስ ለመንካት አንድ ስንዝር ሲቀራት ነው። ሴትየዋ ክው ብላ ቆማ፣ ኋላ ግን የሲስተርን ፊት አይታ «ምንም አልሆንኩም፤ አይዞሽ» አለቻት። አንጀቷን የበላው ይኸው «አይዞሽ» ነው።

«እትዬ፣ ጉልበትሽን ታከሚና ትነጃታለሽ። እስከዚያ ትቁም» አላት ወንድሟ።

«ሰው ከገጨሁ በኋላ ከምተዋት ዛሬ ልተዋት። ሸራ ለብሳ ስትበሰብስ ቁጭ ብዬ አላያትም።»

ገዢ አልጠፋም። አንዱ «ለሠርግ አከራያታለሁ» ሲል የግቢውን በር አሳየችው። ዳቦ ቤት ያለው ሰውዬ ግን እንደመጣ ኮፈኑን ልክፈተው ብሎ ፈቃድ ጠየቀና ጎንበስ ብሎ ሞተሩን ሲያዳምጥ ቆየ። ሲስተር ወደደችው፤ ስለወደደችውም ተናደደችበት።

ርክክቡ ቅዳሜ ጠዋት ሆነ። ሆስፒታል ውስጥ ተረኛ ሲቀያየር በየአልጋው አጠገብ ቆሞ የበሽተኛው ነገር አንድ በአንድ ይነገራል፤ የሚረከበውም «ተረክቤያለሁ» ሳይል ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ሲስተር መኪና ስታስረክብም ነርስ ናትና ካርድ ጽፋ፣ መነጽሯን አድርጋ ቀበጧ አጠገብ ቆመች።

«ፍሬኗ ባለፈው ወር ተቀይሯል። ሁለተኛ ማርሽ ጠዋት ጠዋት ያኮርፋል፤ አባብለው እንጂ አታስገድደው። ጣሪያዋ በግራ በኩል ያፈሳል።»

«እሺ ሲስተር» አለ ዳቦ ጋጋሪው፣ ሁሉንም እየጻፈ። «ሌላ የሚነግሩኝ አለ?»

«የለም። ጨርሻለሁ።»

ዋሽታለች። ቀበጧ ቀዝቅዛ ስታድር ዝም ብሎ ቁልፍ ቢያዞሩላት አትነሣም፤ የራሷ አመል አላት። ይህን አመል ከሲስተር በቀር የሚያውቅ የለም፤ ሰውዬው ሊሞክራት በመጣ ቁጥር አሙቃ ነበር የምትጠብቀው። ዛሬ ግን አላሞቀቻትም። አልነሣ ስትለው ተስፋ ቆርጦ ይመልሳታል፤ ከተመለሰች ደግሞ ምን ይደረጋል?

ዳቦ ጋጋሪው ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ቀበጧ ሳል ሳል አላትና ዝም አለች። ደገመ። በሦስተኛው ግንባሩን ላብ አጠመቀው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው መሰለኝ» አለ፣ አፍሮ።

አንድ ጊዜ፣ አንዲት ነርስ መድኃኒት የማይስማማው በሽተኛ እንዳለ ሳትናገር ተራዋን አስረክባ ስትወጣ፣ ሲስተር ከሆስፒታሉ በር ላይ አስመልሳት ነበር። «ያልነገርሽው ነገር ካለ አላስረከብሽም» ብላ በሰው ፊት አንጓጥጣታለች። አሁን ያ ቁጣ ዞሮ ራሷን አገኛት።

በሌላኛው በር በኩል ዞረችና ጉልበቷን በእጇ ይዛ ገባች። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ በዚያ ወንበር ተቀምጣ አታውቅም።

«እግርህን ከነዳጁ ላይ አንሣ፤ ከረገጥከው ታንቃለች። ቁልፉን ግማሽ ድረስ ብቻ አዙር። አሁን ስማ።»

ከኋላ የነዳጁ ፓምፕ ይንቋቋ ጀመር፤ ቷ ቷ ቷ፣ መጀመሪያ ፈጠን ብሎ፣ ቀጥሎ እየዘገየ፣ በመጨረሻ ጸጥ አለ።

«አሁን ጨርሰው።»

ቀበጧ ተነሣች። ዳቦ ጋጋሪው እንደ ልጅ ሳቀ፤ ከዚያ ወደ ሲስተር ዞረ። «ቅድም ለምን አልነገሩኝም?»

«እንድትመልስልኝ ፈልጌ ነበር» አለች ፊት ለፊት። «አሁን አልፈልግም። ተረክቤያለሁ በል።»

ሰውዬው ሳቁን ዋጠ። «ተረክቤያለሁ፣ ሲስተር።»

ወረደችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። «በል ሂድ። ረጅሙን መንገድ ያዝ።»

ወንድሟ የግቢውን በር ሊዘጋ ሲነሣ በእጇ ከለከለችው። የቀበጧ ድምፅ ከጆሮዋ እስኪጠፋ ድረስ ቆመች። ፊቷን የሚያደርቅላት ነፋስ አልነበረምና በመዳፏ ጠረገችው፤ በሩንም ራሷ ዘጋች።